«ሚድልበርግ ዳርቻ ስድስት ኤከር ልንገዛ ነው፤ እንችለዋለን?»

ጥያቄው የመጣው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ጠያቂዋ ነርስ ነች፣ ሌሊት ትሠራለች። ባለቤቷ ከደለስ ኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳል። ልጆቻቸው ዘጠኝና ስድስት ዓመታቸው ነው። ትልቋ አምና በጋ የፈረስ ካምፕ ገብታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። ጥያቄው ሲያጥር እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ከኮንዶ መውጣት እንፈልጋለን። አድራሻው ሚድልበርግ የሆነ፣ ስድስት ኤከር መሬት፣ አሮጌ የፈረስ ጋጣና አምስት መኝታ ቤት ያለው ቤት አየን። ሕልም ነው የሚመስለው። መንገዱ እንዴት ነው? ሀበሻ አለ? መሬቱ ከአምስት ኤከር በላይ ስለሆነ ግብሩ ይቀንሳል ብለውናል። ለልጃችንም ፈረስ እንገዛለን ብለን አስበናል። እውነቱን ይንገሩን።»

እሺ እህቴ። መልሴን ላስቀድም፦ አካባቢውን ውደጂው፣ ቤቱን ግን አሁን አትግዢው። ለምን እንደሆነ ደግሞ አንድ በአንድ ልንገርሽ። እኔ በላውደንና በፎኪር ካውንቲዎች ቤት በማሻሻጥ ነው የምተዳደረው፤ ቤቴም ፐርስልቪል ነው። ያደግሁት ደግሞ እንጅባራ አጠገብ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ሲሰበሰቡ እያየ ያደገ ሰው፣ ስለ ፈረስ ሲያወራ ትንሽ መቀናጣቱ አይቀርም። ካየሽብኝ እለፊኝ።

ሚድልበርግ የተቆረቆረችው በ1787 ነው። ስሟ «የመሀል ከተማ» እንደማለት ነው። ከእናንተዋ አሌክሳንድሪያ ተነስቶ ዊንቸስተር ለሚሄድ ነጋዴ እኩል መንገድ ላይ ስለነበረች ነው እንዲያ የተባለችው። ዛሬም ነዋሪዋ 700 አይሞላም። አንድ ዋና መንገድ አላት፤ ከዳር እስከ ዳር በእግር ብትሄጂ ማኪያቶሽ ሳይቀዘቅዝ ይደረሳል። ዙሪያዋ ያለው ግን ሌላ ዓለም ነው። ፒድሞንት የሚባለው፣ በፈረስና በውሻ ቀበሮ የሚያድን ክለብ ከ1840 ጀምሮ አለ። አፐርቪል ላይ በጁን የሚደረገው የፈረስ ትርዒት በ1853 የተጀመረ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የሚቀድመው የለም። በሜይ የመጀመሪያው ቅዳሜ ዘ ፕሌንስ አጠገብ የጎልድ ካፕ እሽቅድምድም አለ። ያን ቀን ሩት 50 ላይ ወጥተሽ ለሥራ እደርሳለሁ ብትዪ ሞኝነት ነው።

ከዋሽንግተን አንድ ሰዓት የማይርቅ መሬት ታውንሃውስ ሳይዘራበት እንዴት ቀረ? በራሱ አልቀረም። በ1993 ዲዝኒ ሄይማርኬት አጠገብ ትልቅ መዝናኛ ፓርክ ልሠራ ነው ብሎ ተነስቶ ነበር። የፈረስ አገሩ ሰዎችና የታሪክ ምሁራን ተነሱበት፣ በዓመቱ ጥሎ ሄደ። ላውደን ካውንቲም ከሩት 15 በስተምዕራብ ያለውን አብዛኛውን መሬት ገጠር ሆኖ እንዲቆይ በዕቅድ ይዞታል። ከዚያም አልፎ ብዙ ባለመሬቶች መሬታቸው ለዘላለም እንዳይሸነሸን በፈቃዳቸው ፈርመው አስረውታል። ኮንሰርቬሽን ኢዝመንት የሚባለው ይሄ ነው። መሬቱ ቢሸጥ ቢለወጥ፣ እስሩ አብሮ ይሄዳል።

ይሄ ለአንቺ ምንሽ ነው? ሀበሻ ደንበኞቼ ስድስት ኤከር ሲያዩ ወዲያው የሚሉኝን አውቀዋለሁ። «ጓሮው ላይ ለእናቴ ትንሽ ቤት እሠራላታለሁ።» አይቻል ይሆናል። ኢዝመንት ካለበት ምን መሥራት እንደሚፈቀድ ሰነዱ ላይ ተጽፏል። ሰነዱን ሳታነቢ ለእማማ ቤት ቃል እንዳትገቢ።

ሌላው፣ አድራሻ ከተማ አይደለም። ፖስታ ቤቱ «ሚድልበርግ» ስላለ ቤቱ ሚድልበርግ ውስጥ ነው ማለት አይደለም። ከተማዋ ላውደን ውስጥ ናት፤ የፎኪር ድንበር ግን ደቡብ ጫፏን ታክኮ ያልፋል። በአንድ የፖስታ ቁጥር ስር ያሉ ሁለት ጎረቤታሞች ግብራቸው ለየቅል ካውንቲ፣ ልጆቻቸው ለየቅል ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። ከተማው ክልል ውስጥ ከሆንሽ ለካውንቲውም ለከተማውም ትገብሪያለሽ፤ በምትኩ የቧንቧ ውሃና የፍሳሽ መስመር አለሽ። ከክልሉ ውጪ ከሆንሽ ለከተማው አትገብሪም። ውሃሽ ግን ከራስሽ ጉድጓድ ነው፣ ፍሳሽሽም እዚያው ግቢሽ ውስጥ ነው የሚቀረው። ስድስት ኤከር ካለው ውጪ ነው፣ አልጠራጠርም።

መንገዱን ቶሎ ልጨርሰው። ለባለቤትሽ ችግር የለውም፤ ከሚድልበርግ ደለስ 25 ማይል ገደማ ነው። ችግሩ ያለው አንቺ ላይ ነው። አሌክሳንድሪያ ካለው ሥራሽ 45 ማይል ያህል ይሆናል። መንገዱ ባዶ ሲሆን አንድ ሰዓት ነው፣ ግን መቼ ባዶ ይሆናል? ከጊልበርትስ ኮርነር አደባባይ ወዲህ ሩት 50 አንድ መሄጃና አንድ መምጫ ብቻ ነው። ከፊትሽ የፈረስ ተጎታች ከገባ እሱን ተከትለሽ ትሄጃለሽ። አሥራ ሁለት ሰዓት ቆመሽ ካደርሽ በኋላ ጎህ ሲቀድ ስትነጂ ደግሞ አጋዘን አለ። ኖቬምበር ላይ እየተሯሯጡ መንገድ የሚያቋርጡበት ጊዜ ነው። አንዱን ካየሽ ሌላው ከኋላው አለ፤ ፍሬን ያዢ እንጂ መሪ አትጠምዝዢ።

ሥራ የመቀየር ሐሳብ ካለሽ ግን ሁሉም ይለወጣል። ላንስዳውን ላይ ትልቅ ሆስፒታል አለ። የዋሽንግተኑ ሜትሮ ባቡርም ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ አሽበርን ድረስ ይመጣል። በግሪንዌይ የሚመላለስ ሰው ግን ክፍያውን በወር አባዝቶ ይይ። ያ መንገድ የግል ነው፣ ርካሽ ሆኖ አያውቅም።

አሁን ወደ ውሃው። እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ።

የጉድጓድ ውሃን ቤት የሚያስገባው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ነው። መብራት ሲጠፋ ውሃም ይጠፋል። ይሄን ያወቅሁት ቤት በማሻሻጥ አይደለም፣ በራሴ ላይ ደርሶ ነው። በፊት ከከተማ ወጣ ያለ ቤት ነበርን። አንድ ጃንዋሪ በረዶ የለበሰ ዛፍ መስመሩ ላይ ወደቀና ሁለት ቀን ተኩል መብራት አልነበረም። መብራቱን ሻማ ተካው። ምግቡን ቡታጋዝ ሠራው። ሽንት ቤቱን ግን ምን እናድርገው? ባለቤቴ በትልቁ ድስት በረዶ እያቀለጠች ታንከሩን ትሞላ ነበር። አንድ ድስት ሙሉ በረዶ ሲቀልጥ ድስቱ ሥር የምትቀረውን ውሃ ያየ ያዝናል። በሦስተኛው ቀን መብራቱ ሲመጣ መጀመሪያ የተናገረችው «ጀነሬተር» ነው። ተገዛ።

ስለዚህ ኢንስፔክሽን ላይ፣ ማለትም ከመግዛትሽ በፊት ቤቱ ሲመረመር፣ ጣራውን ብቻ አታስዪ። ውሃው ለባክቴሪያና ለናይትሬት ይመርመር። ጉድጓዱ በደቂቃ ስንት ጋሎን እንደሚሰጥ ይለካ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሻጩ ስለ ቤቱ ብዙ ነገር የመናገር ግዴታ የለበትም። የምትፈርሚው ቅጽ ራሱ ባጭሩ «ራስህ አጣራ» ነው የሚልሽ። ካላጣራሽ በኋላ የምትከሺው ሰው የለም።

ሴፕቲኩ፣ ማለትም ፍሳሹን ግቢው ውስጥ የሚያስቀረው ታንክና መስመር፣ ይቀጥላል። አምስት መኝታ ቤት ነው ብለሽኛል። የጤና ቢሮው የሴፕቲክ ፈቃድ የሚሰጠው በመኝታ ቤት ቁጥር ነው። አሮጌ ቤቶች ላይ በተደጋጋሚ ያየሁት ነገር ይሄ ነው፦ ፈቃዱ ለሦስት መኝታ ቤት ወጥቷል፤ ከዚያ አንዱ ባለቤት ቤዝመንቱን ከፍሎ ሁለት ጨመረ፤ ማስታወቂያው አምስት ይላል። አንድ ደንበኛዬ ወረቀቱን ያየው ክሎዚንግ፣ ማለትም የቤቱ ርክክብ፣ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ነበር። ሲስተሙ የተሠራው ለስድስት ሰው ነው፣ እሱ ግን ወንድሞቹንና ወላጆቹን ጨምሮ ዘጠኝ ሆኖ ሊገባ ነው። ፍሳሹ ሣሩ ላይ ከወጣ በኋላ አዲስ መሥራት የመኪና ዋጋ ነው፤ ያውም አፈሩ ውሃ የሚያሳልፍ ከሆነ። ካልሆነ ሌላ ዓይነት ሲስተም ነው፣ ዋጋውም ሌላ ነው። ታንኩ በሦስት፣ ቢበዛ በአምስት ዓመት ይመጠጣል። የፍሳሽ መስመሩ ያለበት ሣር ላይ ፈረስም መኪናም አይቆምም፣ አፈሩ ይጠቀጠቃል። ያ ቦታ ከስድስቱ ኤከር ላይ ተቀነሰ ማለት ነው።

ግብሩ። የነገሩሽ ሰዎች ግማሹን ነው የነገሩሽ። እውነት ነው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ላንድ ዩዝ የሚባል ነገር አለ። የእርሻ መሬት የሚገመተው በሽያጭ ዋጋው ሳይሆን በእርሻነቱ ነው፤ ልዩነቱም ትልቅ ነው። ዝቅተኛው አምስት ኤከር ነው። ነገር ግን ቤቱ ያረፈበት ቦታ አይቆጠርም። ብዙ ጊዜ አንድ ኤከር ይነሳል። ስድስት ሲቀነስ አንድ? ልክ ጠርዙ ላይ ነሽ። ከዚያ ላይ ትንሽ ቢጎድል ወደቅሽ።

ደግሞ መሬቱ ለሽያጭ የሚሆን ነገር ማምረት አለበት፤ ድርቆሽ፣ ከብት፣ የመሳሰለውን። ለልጅ መጫወቻ የሚቀመጥ አንድ ፈረስ እርሻ አይባልም። አሁን ያለው ባለቤት ምናልባት ድርቆሽ ለሚያጭድ ገበሬ ሰጥቶት ይሆናል፣ ግብሩ ዝቅ ያለው በዚያ ነው። አንቺ ገብተሽ አጨዳውን አስቁመሽ ለልጅሽ ሜዳ ካደረግሽው፣ ካውንቲው ወደኋላ ተመልሶ የዚያን ዓመትና ያለፉትን አምስት ዓመታት ልዩነት ከነወለዱ ሊጠይቅሽ ይችላል። ሮልባክ ይሉታል። ሂሳቡ የሚመጣው መሬቱን በያዘው ሰው ስም ነው። ውሉ ላይ ማን እንደሚከፍል ሳይጻፍ እንዳትፈርሚ።

እና ፈረሱ። ልጅሽ ይሄን ባታነብ ደስ ይለኛል።

አገር ቤት ፈረስ ሜዳ ላይ ይውላል፣ ልጅ ይጠብቀዋል፣ ሣሩ የወል ነው። እዚህ ጠባቂዋም ባልደራሷም አንቺ ነሽ። አንድ መካከለኛ ፈረስ በቀን እስከ 20 ፓውንድ ድርቆሽ ይበላል። ከ5 እስከ 10 ጋሎን ውሃ ይጠጣል። 50 ፓውንድ ገደማ ፋንድያ ይጥላል። ፈረስ ብቻውን አይሆንም፣ የመንጋ እንስሳ ነው። ብቻውን የቀረ ፈረስ አጥር ለአጥር ሲመላለስ ይውላል፣ አንዳንዱ የጋጣውን እንጨት ያኝካል። ስለዚህ ሁለት ነው የምታስቢው። ከኖቬምበር እስከ ማርች ሣር የለም፤ ያ 150 ቀን ነው። ለሁለት ፈረስ 6,000 ፓውንድ ድርቆሽ ሆነ፣ በሃምሳ ሃምሳ ፓውንድ እስር 120 እስር። ዝናብ የማይነካው ቦታ ይፈልጋል። ፋንድያው በወር ወደ 3,000 ፓውንድ ይጠጋል። የት ልታደርጊው ነው? ወደ ጅረት መግፋት አይቻልም።

ኮቴውን የሚከረክመውና ጫማ የሚመታው ባለሙያ ፋሪየር ይባላል፤ በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ ይመጣል። ክትባት አለ፣ ጥርስ ማስሞረድ አለ። ሊስበርግ ውስጥ የቨርጂኒያ ቴክ የፈረስ ሆስፒታል መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ሆዱን የታመመ ፈረስ ተጎታች ላይ ጭነሽ እዚያ ማድረስ ያንቺ ሥራ ነው። አንቺ ደግሞ እኩለ ሌሊት ሥራ ላይ ነሽ።

አንድ ነገር በቅርብ ላሳይሽ። አንድ ጎረቤቴ ከነፋሱ ማግስት ጠዋት ጋጣ ሳይገባ መጀመሪያ አጥሩን ይዞራል። ከመሬት የሚያነሳው ቅርንጫፍ ነው፣ የቀይ ሜፕል። ያ ዛፍ እዚህ በየቦታው አለ፣ ለዓይን ያምራል። የጠወለገ ቅጠሉን ፈረስ ከበላ ግን ቀይ የደም ሕዋሱ ይፈርሳል፣ ሊሞትም ይችላል። ሰውየው ሰባ ዓመቱን ያለፈ ነው። ጎንበስ ብሎ እያንዳንዷን ቅርንጫፍ ያነሳል፣ በጋሪ ይገፋል። ይሄን የሚያደርገው ሥራ ላይ ከመሄዱ በፊት ነበር፤ ዛሬ ጡረታ ወጥቶም ያደርገዋል። ከሩቅ የምታዪው አረንጓዴ ሜዳና ነጭ አጥር ውስጡ ይሄ ነው ያለው።

ለልጅሽ ያለኝ ምክር ቀላል ነው። ትምህርት ትውሰድ። ሁለት ዓመት በሳምንት አንድ ቀን። ጥሩ ማሠልጠኛ ኮርቻ መጫንና ልጓም ማግባት ብቻ አያስተምርም፤ ጋጣ ያስጠርጋል፣ ኮቴ ያስጠርጋል። በፌብሩዋሪ ጭቃም እሄዳለሁ ካለች ፍቅሩ እውነት ነው። ያኔ ሀፍ ሊዝ የሚሉት አለ፤ የሰው ፈረስ በሳምንት የተወሰነ ቀን የራስሽ ያህል ትጋልቢያለሽ፣ ወጪውን ትካፈያለሽ። ከዚያ በኋላ ስለ መግዛት እናወራለን። የፈረስ ስም ማውጣት ግን ከአሁኑ ይቻላል። አባ ታጠቅም አባ ዳኘውም ተይዘዋል፣ ሌላ ትፈልግ።

ስለ ሰው ጠይቀሽኛል። ሚድልበርግ ውስጥ ሀበሻ አትጠብቂ። ሊስበርግና አሽበርን አለን። ጥቁር መሆን እዚያ እንዴት ነው ማለትሽ ከሆነም፣ ባዶ ታሪክ አይደለም። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ከባርነት የወጡ ሰዎች የመሠረቷቸው መንደሮች በአካባቢው አሉ፣ ሴንት ሉዊስና ዊሊስቪል። ከእነዚህ መንደሮች ብዙ ሰው ትውልድ በትውልድ ፈረስ ሲያሠለጥን ኖሯል። የከተማዋን ትልቅ ሪዞርት ሳላማንደርን ያቋቋመችው ሺላ ጆንሰን ናት፣ ቢኢቲ ቴሌቪዥንን ከመሠረቱት አንዷ። በ2013 እስኪከፈት ድረስ ብዙ ተቃውሞ አሳልፋለች። ተቃውሞው ስለ ግንባታ ብቻ ነበር የሚሉም አሉ፣ እንዲያ ብቻ አልነበረም የሚሉም አሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። የዕለት ተዕለት ኑሮው ላይ ግን ሰዉ ቀዝቀዝ ያለ እንጂ ክፉ አይደለም። የሚለካሽ በቆዳሽ ሳይሆን በአጥርሽና በአነዳድሽ የሆነበት ቀን ይበዛል።

አነዳድ ስል፦ ምዕራብ ላውደን ውስጥ ከ250 ማይል በላይ ጠጠር መንገድ አለ። ችላ ተብሎ አይደለም፤ እንዳይነጠፍ የሚከራከሩለት ሰዎች አሉ። ጠጠር ለኮቴ ይመቻል፣ መኪናም ያዘገያል። ፈረሰኛ ካየሽ እንደ እግረኛ ሳይሆን እንደ ጎረቤት ቁጠሪው። ቀስ በዪ፣ ክላክስ አትንፊ፣ ራቅ ብለሽ እለፊ። እጁን ወደታች ዝቅ ዝቅ ካደረገ «ቀስ በዪልኝ» ማለቱ ነው። በአደን ወራት አርባና ሃምሳ ውሻ መንገድ ሊያቋርጥ ይችላል፤ ሞተር አጥፍተሽ ትጠብቂያለሽ። የሰው የሜዳ አጥር በር ክፍት ካገኘሽ ክፍት፣ ዝግ ካገኘሽ ዝግ ተይው።

አንድ ደግሞ በተለይ ለኛ ሰው። እኛ እጃችን ለመስጠት ይቸኩላል። ያጨድሽውን የግቢ ሣር ለጎረቤት ፈረስ በአጥር እንዳትወረውሪ። የታጨደ ሣር ተከምሮ ቶሎ ይሞቃል፣ ይቦካል፤ ፈረስ ደግሞ ማስመለስ አይችልም፣ ሆዱን ይነፋውና ሊገድለው ይችላል። ዳቦም እንዲሁ። አንድ ቤተሰብ በደግነት ያደረገው ነገር ከጎረቤት ጋር ሦስት ዓመት እንዳያነጋግረው አድርጎታል።

እንጀራና ቤተ ክርስቲያን። እንጀራውን ከአሌክሳንድሪያ በሳምንት አንዴ ታመጫለሽ፣ ትልቅ ፍሪዘር ትገዣለሽ፣ ወይም ምጣድሽን ታወጫለሽ። እኛ ቤት ሦስቱም ሆኗል። ቅዳሴው ከበድ ይላል። ሌሊት ለሚጀምር ቅዳሴ ልጆች ይዞ አንድ ሰዓት መንዳት በመጀመሪያው ወር ይቻላል። በጾመ ሁዳዴ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ራስሽን ጠይቂ። ልጆቹ አማርኛቸውን የሚሰሙት በብዛት እዚያ ከሆነ፣ ይሄን ከሞርጌጁ እኩል አስቢበት።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኔ ብሆን ፐርስልቪል ወይም ሊስበርግ ከተማ ክልል ውስጥ፣ የቧንቧ ውሃ ያለው ቤት ለአንድ ዓመት እከራያለሁ። ፐርስልቪል 9,000 ያህል ሰው ነው ያለው፣ ግሮሰሪው ቅርብ ነው። ፈረሱ ከበርሽ አሥር ደቂቃ ነው፤ ፋንድያው ግን ያንቺ አይደለም። ልጅሽ ትጋልባለች፣ አንቺ ትተኛለሽ። ዲሴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ሚድልበርግ ሂዱ፤ ቀይ ኮት የለበሱ ፈረሰኞችና ውሾቻቸው በዋናው መንገድ በሰልፍ ያልፋሉ። ታናሹን ትከሻ ላይ አውጡት። ግን ቤት የሚታየው ያን ቀን አይደለም። ቤት የሚታየው በፌብሩዋሪ፣ ማክሰኞ፣ ከሥራ መውጫሽ ላይ፣ ሳትተኚ ነድተሽ ነው።

ያን ቤት አሁንም ልባችሁ ካልለቀቀው፣ ከመጫረታችሁ በፊት ከሻጩ ወኪል ሦስት ወረቀት ጠይቂ፦ የሴፕቲኩን ፈቃድ፣ የላንድ ዩዙን ሁኔታና ኢዝመንት ካለ ሰነዱን። መግቢያው ጠጠር ከሆነና ከጎረቤት ጋር የጋራ ከሆነ፣ በረዶውን ማን እንደሚጠርግና ጠጠሩን ማን እንደሚገዛ የሚለው ስምምነትም አራተኛ ይሁን። ሲደርሱሽ ላኪልኝ። መጀመሪያ የማየው የመኝታ ቤቱን ቁጥር ነው።